ማስኩ ኦክስጅን አይቀንስበትም፤ የወንድምሽ ህመም ግን እውነት ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንድምሽ ሲሚንቶ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ኤን 95 የሚባለውን፣ ጥቃቅን ብናኝ የሚያስቀረውን ማስክ አድርጎ ይውላል። ማታ ራሱን ያመዋል፣ የአፍንጫው አጥንት ላይ ተልጧል፣ «አየር ያጥረኛል» ይላል። አሁን ደግሞ ማስኩን ከአፍንጫው ዝቅ አድርጎ መሥራት ጀምሯል። «ኦክስጅን እየቀነሰበት ይሆን? ቢተወው አይሻልም?» ነው ያልሽው።

ነርስ ነኝ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚታከምበት ክፍል 6 ዓመት ሠርቻለሁ። በመጋቢት 2012 ኮቪድ አገራችን ሲገባ ደግሞ ወደ ኮቪድ ማዕከል ተመደብኩ። ሲሚንቶ ፋብሪካ ሠርቼ አላውቅም። ኤን 95 አድርጎ መዋል ሰውነትን ምን እንደሚያደርግ ግን በራሴ ፊት ላይ አይቼዋለሁ።

መልሱን ላስቀድም። ኦክስጅን አልቀነሰበትም። ህመሙ ግን ስንፍናም ማጋነንም አይደለም፣ እውነት ያመዋል። ማስኩን ዝቅ አድርጎ መሥራቱን ግን ከነገ ጀምሮ ያቁም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

የኦክስጅኑ ነገር እኔንም ያስጨንቀኝ ነበር። ኮቪድ ክፍል እያለን አንድ ቀን ከባልደረባዬ ጋር ተነጋግረን በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን የጣት መለኪያ ራሳችን ላይ አደረግነው። ከመግባታችን በፊት የእኔ 95 በመቶ ነበር። ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ አሁንም 95። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች 95 ለእኛ ደህና ቁጥር ነው። የተለወጠው የልብ ምቴ ነው። ከ78 ወደ 96 ወጥቷል። ሰውነቴ አየር አላጣም፣ ያንኑ አየር ለማግኘት ግን ብዙ እየለፋ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 10 የጤና ባለሙያዎች ኤን 95 አድርገው በመሮጫ ማሽን ላይ ለአንድ ሰዓት ሲራመዱ ተለክተው ነበር። እነሱም ላይ ለጤና የሚያሰጋ የኦክስጅን መውረድ አልታየም።

ልፋቱ ከየት ይመጣል? አንደኛው ከራሱ ከማስኩ ጨርቅ ነው። አየሩ ጥቅጥቅ ባለ ክር ውስጥ ስለሚያልፍ ደረታችን ትንሽ ጠንክሮ መሳብ አለበት። ሁለተኛው በማስኩና በፊት መካከል የሚቀረው ትንሽ ቦታ ነው። አሁን ያስወጣሽው ትንፋሽ ትንሹ እዚያ ይቀርና ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ የምትስቢው አየር ካርቦንዳይኦክሳይድ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። አእምሮ ይህን ቶሎ ያውቃል፣ «ጥልቅ አድርገሽ ተንፍሺ» ይላል። ጤነኛ ሰው ሳይታወቀው ያስተካክለዋል። ሮጦ የሚሠራ ወይም ከባድ የሚሸከም ሰው ግን በደንብ ይሰማዋል። 50 ኪሎ ከረጢት የሚያነሳ ሰው ቢያቃስት አይገርምም።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ለእኔ ከሁሉም የባሰው እሱ ነበር። በአፍና በአፍንጫ ዙሪያ ያለው ቆዳ ሙቀትን በጣም ያውቃል። ፊት ላይ ቀዝቃዛ አየር ሲነካን ትንፋሽ ይቀለናል፤ ለዚህ ነው ትንፋሽ ያጠረው ሰው መስኮት ክፈቱልኝ የሚለው። ማስክ ውስጥ ያለው አየር ግን የሞቀና የረጠበ ነው። ሳንባችን ምንም ሳይሆን የታፈንን ይመስለናል። ከዚያ ፍርሃት ይመጣል፣ ፍርሃቱ ትንፋሹን ያፈጥነዋል፣ የፈጠነው ትንፋሽ ደግሞ ያዞራል። አዲስ ገቢ ነርሶች በመጀመሪያው ሳምንት ተርበትብተው ከክፍሉ ሲወጡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እንዲህ ሲሆን ቀስ ብሎ በአፍንጫ መሳብ፣ ከሳቡት ረዘም አድርጎ ማስወጣት ነው። በሁለት ሦስት ደቂቃ ይረጋጋል።

ራስ ምታቱ ሌላ መንገድ አለው። ሲንጋፖር ውስጥ በ2020 እ.ኤ.አ. ከተጠየቁ 158 የጤና ሠራተኞች 128ቱ ኤን 95ን ብቻውን ወይም ከመከላከያ መነጽር ጋር ማድረግ ሲጀምሩ ከዚህ በፊት የማያውቁት ራስ ምታት እንደያዛቸው ተናግረዋል። በቀን ከ4 ሰዓት በላይ ያደረጉት ይበልጥ ተቸግረዋል። ህመሙ የሚሰማው ላስቲኩና መነጽሩ በሚጫኑበት ቦታ ነው። እኔ ሹሩባ ስሠራ የላይኛው ላስቲክ ቋጠሮው ላይ ስለሚያርፍ እስከ ቅንድቤ ይጠዘጥዘኝ ነበር። ላስቲኩን አንድ ጣት ያህል ከፍ ሳደርገው ቀለለኝ።

ግን ላስቲኩ ብቻውን አይደለም። ውሃና ቡናም አሉበት። ማስክ ያደረገ ሰው ውሃ አይጠጣም፣ ማውለቁ ይሰለቸዋል፣ ሽንት ቤት መሄዱም ያስጨንቀዋል። እኛ ጠዋት ገብተን እስከ ሰባት ሰዓት አንዲት ጉንጭ ውሃ ሳንቀምስ እንውል ነበር። የአራት ሰዓት ቡናም ይቀራል። ቡና የለመደ ሰው ሲቀርበት ራሱን እንደሚያመው አንቺም ታውቂያለሽ። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይጠጡ መሥራት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ወንድምሽን ጠይቂው፤ ፋብሪካ ውስጥ ስንት ብርጭቆ ውሃ ነው የሚጠጣው? ግማሹ መልስ እዚያ ያለ ይመስለኛል።

አሁን ማስኩን ዝቅ ስለማድረጉ። ቲቢ ክፍል በገባሁ በመጀመሪያው ቀን እኔም ይህንኑ አደረግኩ። ስምንት ሰዓት ላይ መቻል አቃተኝና የአፍንጫውን ሽቦ ላላ አደረግኩት። አንዲት የሥራ ታላቃችን አየችኝ። አልተቆጣችኝም። እጄን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ፣ ማስኩን አወለቀችልኝ፣ አሥር ደቂቃ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችኝ። ከዚያ መልሳ አደረገችልኝና በሁለት ጣቶቿ ሽቦውን አፍንጫዬ ላይ ተጭና «እስኪ ንፊ» አለችኝ። መነጽሬ ላይ ጉም ተሠራ። «አየሽ፣ በዚህ የወጣ በዚህ ይገባል» አለች። እስኪያቆም ድረስ አስተካከለችው። ኤን 95 ከጥቃቅን ብናኝ ቢያንስ 95 በመቶውን ያስቀራል የሚባለው ጠርዙ ፊት ላይ ሲገጥም ብቻ ነው። ሲላላ አየሩ በሚቀለው መንገድ፣ በጎን ይገባል። ወንድምሽ እንግዲህ ሙቀቱንም ይቀምሳል፣ አቧራውንም ይውጣል። የሲሚንቶ ብናኝ እርጥብ ነገር ሲያገኝ የሚያቃጥል ነው፣ ጉሮሮና ሳንባ ደግሞ እርጥብ ናቸው። ሲከብደው አያላላው። አቧራ ወደሌለበት ቦታ ወጥቶ ሙሉ በሙሉ ያውልቀው፣ ይረፍ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ከዚያ በደንብ አጥብቆ ይመለስ። ጢም ካለውም ይላጨው፣ በጢም ላይ አይገጥምም።

ሌላ የጠረጠርኩት ነገር አለ። አንዱን ማስክ ስንት ቀን ነው የሚያደርገው? አቧራ በበዛበት ቦታ ማስኩ እየተደፈነ ይሄዳል፣ በላብ ሲረጥብም ይብሳል። ጠዋት የቀለለው ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ይሆናል። ትንፋሽ ከበደ ማለት ማስኩን ቀይሩት ማለት ነው። እኛ በችግሩ ጊዜ አንድ ማስክ ለሳምንት ይሰጠን ነበር። ስማችንን ጽፈን በወረቀት ከረጢት እናስቀምጠው ነበር፤ በፌስታል ከሆነ እርጥበቱ አይወጣም። እባክሽ አትጠቢው፣ በአልኮልም አትጥረጊው። ጨርቁ ብናኝ የሚይዘው በውስጡ ባለ የኤሌክትሪክ ሙል ጭምር ነው፣ ሳሙናና አልኮል ያንን ያጠፉታል። ላስቲኩ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ ደግሞ «ኤን 95» ቢልም አትመኚው። እውነተኛው ሁለት ላስቲክ አለው፣ አንዱ ከላይ አንዱ በአንገት ይዞራል። ከፊት ትንሽ ፕላስቲክ መክደኛ ያለው ዓይነት ካገኘ ለአቧራ ሥራ ይሻለዋል፣ የሞቀውን ትንፋሽ ያስወጣለታል። ለቲቢና ለኮቪድ ክፍል ግን አይሆንም፣ የራስን ትንፋሽ ሳያጣራ ያስወጣልና።

የአፍንጫው ቁስል ይድናል። ማታ በለብታ ውሃ አጥቦ ቫዝሊን ይቀባ። ጠዋት ግን ከማስኩ ሥር አይቀባ፣ ጠርዙን ያንሸራትተዋል።

አስም ወይም የልብ ህመም ካለበት ይህ ሁሉ አይበቃም። ሥራውን ከመቀጠሉ በፊት ሐኪም ይየው። ደረቱን ከወጋው፣ ሲተነፍስ ካፏጨ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ራሱን ሊስት ከደረሰ ከአቧራው ወጥቶ ያውልቅና ወዲያው ጤና ተቋም ይሂድ።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አደራ። ሲሎ (የሲሚንቶ ማጠራቀሚያ ማማ)፣ ታንከር ወይም ጉድጓድ ውስጥ ገብተህ አጽዳ ቢሉት በዚህ ማስክ እንዳይገባ። ማስክ ያጣራል እንጂ ኦክስጅን አይሠራም። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን አለው። ከ19.5 በመቶ በታች ከወረደ ቦታው አደገኛ ነው፣ ያ ደግሞ በማሽተትም በማየትም አይታወቅም። ሰው ገብቶ ይወድቃል፣ ሊያወጣው የገባውም ይወድቃል። እንዲህ ላለ ቦታ አየር በቱቦ ወይም በሲሊንደር የሚሰጥ መሣሪያ ነው የሚያስፈልገው።

አሁን ሁለት ነገር ላኪልኝ። የማስኩን ፊት ፎቶ አንሺው፣ ጽሑፉ እንዲነበብ አድርገሽ። ሁለተኛ፣ በእረፍት ቀኑ ትንፋሹ እንዴት እንደሆነ ጠይቂው። ማስኩን አውልቆ በደቂቃዎች ውስጥ የሚለቀው ከሆነ የማስኩ ነው፣ ባልኩሽ መንገድ ይስተካከላል። ማታ ማታ የሚያስለው፣ ደረቱን የሚይዘው ወይም እሁድም የማይለቀው ከሆነ ግን ማስኩን ትተን ሳንባውን ማስመርመር አለብን። የትንፋሽ አቅም የሚለካ ምርመራ አለ፣ የት እንደሚሠራ በውስጥ መስመር እነግርሻለሁ።