ዓባይ አፉን ሲቀይር ባሕሩ ምን ይሆናል? ጥያቄና መልስ

ስለ ዓባይ ደለል ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው እንደ ክረምት ጎርፍ መጣ። ሥራዬ ደለል ስለሆነ ጭቃ ያስደስተኛል፤ ካረዘምኩ ይቅርታ።

ጥያቄ፦ ዓባይ ድሮ በሰባት አፍ ነበር ባሕር የሚገባው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የጥንት ጸሐፊዎች ሰባቱንም በስም ዘርዝረዋቸዋል። ዛሬ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ በምዕራብ ረሺድ፣ በምሥራቅ ዱምያጥ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ አምስቱ የተፈጥሮ ናቸው፣ ሁለቱን ግን ሰው ነው የቆፈራቸው ይላል። ተመራማሪዎች እነዚያን ሁለቱን የሚያዛምዷቸው ከማን ጋር መሰላችሁ? ከረሺድና ከዱምያጥ ጋር። የተፈጥሮዎቹ ደርቀው ቀሩ፣ ቦይ የተባሉት ወንዝ ሆኑ።

ጥያቄ፦ ይሄን የሚያህል ወንዝ መንገዱን ለምን ይቀይራል?

የተሸከመው ደለል ነው ጉዱ። ዴልታው ላይ፣ ማለትም ባሕሩ አጠገብ ራሱ በደለል የሠራው ሜዳ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ሸክሙን ያራግፋል፣ አልጋው ከፍ እያለ ይሄዳል። አፉም ወደ ባሕር በገፋ ቁጥር መንገዱ ይረዝማል፣ ቁልቁለቱ ይላላል። አንድ የሙላት ዓመት ላይ ዳሩን ይጥስና አጭሩን መንገድ ይይዛል። የሰው ቦይም ያግዘዋል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ አፉ ሄደ እንበል። ባሕር ውስጥ የተከማቸው ጭቃ ግን ባለበት አይቀመጥም እንዴ?

አይቀመጥም! የኔ ተወዳጅ ጥያቄ ይሄ ነው።

አፉ በሕይወት ሳለ አሸዋው ከአፉ አጠገብ ይወድቃል፣ ጭቃው ራቅ ብሎ ይሰፍራል። በየዓመቱ አዲስ ስለሚመጣ መሬቱ ወደ ባሕር እንደ አፍንጫ ይሾላል። ወንዙ ሲለቅ አቅርቦቱ ይቆማል፣ ማዕበሉ ግን አይቆምም። እናቶቻችን እህል በሰፌድ ሲያበጥሩ አይታችሁ የለ? ማዕበልም እንደዚያ ነው። ደቃቁን ጭቃ አንስቶ ወደ ጥልቁ ይወስደዋል። ቀለል ያለውን አሸዋ የዳርቻው ሞገድ ወደ ምሥራቅ ይነዳዋል። ከባዱ ጥቁር አሸዋና የቀንድ አውጣ ቅርፊት እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የድሮ አፍ ፊት ለፊት ያለውን የባሕር ወለል ስትቆፍሩ ከታች ጭቃ፣ ከላይ ሻካራ አሸዋ ከቅርፊት ጋር ታገኛላችሁ። ወንዙ መሄዱን የሚናገረው ይህ ለውጥ ነው።

ምሳሌው በረሺድና በዱምያጥ መካከል ያለው የግብጽ ዳርቻ፣ ቡሩሉስ ነው። ሰበኒቲክ የሚባለው የድሮ አፍ እዚያ ነበር። አፍንጫው እየተበላ ነው፤ አሸዋውም ወደ ምሥራቅ ያሉትን ዳርቻዎች ሲመግብ ኖሯል።

ጥያቄ (ከአሽቀሎን፣ እስራኤል)፦ ጋሼ፣ ልጆቼ ባሕር ዳር ስንሄድ «ይሄ አሸዋ ከኢትዮጵያ ነው የመጣው» ይላሉ። ያሾፉብኛል?

ግማሹን ልክ ናቸው እህቴ። ከአሽቀሎን እስከ ሃይፋ ያለው አሸዋ በአብዛኛው በዓባይ የመጣና በሞገድ ተገፍቶ የደረሰ ነው። ነጣ ያለው ግን ኳርትዝ የሚባል ጠንካራ ማዕድን ነው። የኛ ደጋ በአብዛኛው ባዛልት የሚባል ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ባዛልት ደግሞ ኳርትዝ የለውም ማለት ይቻላል። ኳርትዙ የሱዳንና የግብጽ አሮጌ የአሸዋ ድንጋይ ልጅ ነው። የኛ ድርሻ ጭቃውና ጥቁሮቹ ፍሬዎች ናቸው፤ አውጋይት፣ ማግኔታይት፣ ኢልሜናይት። ማግኔት በፌስታል ጠቅልለሽ ደረቅ አሸዋ ላይ አንሸራትቺ። ጥቁር ነገር ከተለጠፈ ለልጆቹ አሳዪያቸው፤ ከጎጃም ወይ ከወሎ ተራራ የተነሳ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የሰጠመ ከተማ አለ የሚባለውስ?

ቶኒስ ነው፤ ግሪኮች ሄራክሊዮን ይሉት ነበር። ካኖፒክ በተባለው ምዕራባዊ አፍ ላይ የቆመ ወደብ ነበር። ከባድ የድንጋይ ቤተ መቅደስ በውሃ በራሰ ለስላሳ ጭቃ ላይ ሠሩ። ጭቃው በጎርፍና በመሬት መንቀጥቀጥ ሲናጥ ጥንካሬውን አጣ፤ የባሕሩ ከፍታም ጨመረበት። በፈረንጆች 2000 የፈረንሳዊው የባሕር ውስጥ አርኪዮሎጂስት የፍራንክ ጎዲዮ ቡድን እስክንድርያ አጠገብ፣ አቡ ቂር ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ ከዳርቻው ወደ 7 ኪሎ ሜትር ርቆ አገኘው። ጥልቀቱ 10 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እንዲያው ሳልፈራ ልጠይቅ። ሕዳሴ ግድብ ደለሉን ሲያስቀር የግብጽ ባሕር ዳርቻ አይበላም?

መፍራት አያስፈልግም። የግብጽ ዳርቻ ከዓባይ ደለል ማግኘት ያቆመው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በፈረንጆች 1964 ውሃ መያዝ ሲጀምር ነው። ከዚያ በፊት በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ወደ አስዋን ይወርድ ነበር፤ አብዛኛው ከጥቁር ዓባይና ከአትባራ። ዛሬ ከአስዋን ግድብ ጀርባ በተጠራቀመው ናስር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። የረሺድ አፍንጫ ከ1900 ገደማ ጀምሮ ማፈግፈግ ይዞ ነበር፤ ከአስዋን በኋላ ግን በዓመት ከ100 ሜትር በላይ የተበላበት ጊዜ አለ፤ ግንብ ሠርተው ነው ያዘገዩት። ሕዳሴ ደለሉን ሲይዝ የሚቀንሰው ናስር ሐይቅን የሚሞላው ነው እንጂ ባሕር የሚደርሰው አይደለም። ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ ትቻለሁ።

አያችሁ፣ ለባሕሩ ወንዙ መንገድ ቢቀይርም በግድብ ቢታገትም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ፣ ወንዝ ሲዞር ሌላ ቦታ አዲስ አፍንጫ ያበቅላል። ግድብ ያን አያደርግም።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ እንዴት አወቃችሁ? ማን አይቶ?

በቧንቧ እየቆፈርን። ጭቃው ከነንብርብሩ ይወጣል፣ ቅርፊቱ በካርቦን ዕድሜው ይለካል። ደለሉ ውስጥ ያለው የስትሮንቲየም ንጥረ ነገር ዓይነቶች (አይሶቶፖች) ምጣኔ ደግሞ የትውልድ ቦታ ይናገራል፤ የኢትዮጵያ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና የነጭ ዓባይ አሮጌ ድንጋይ የተለያየ ምልክት አላቸው። ከሜዲትራንያን ጥልቅ ወለልም ከ10,000 እስከ 6,000 ዓመት በፊት የተቀመጠ ጥቁር ንብርብር ይወጣል። ያኔ ዝናባችን በርትቶ ዓባይ ብዙ ጣፋጭ ውሃ ባሕሩ ላይ አፈሰሰ፤ ታችኛው ውሃ ኦክስጅን አጥቶ ብስባሹ ሳይበላ ቀረ።

ጥያቄ፦ አዋሽስ የት ባሕር ነው ደለሉን የሚጥለው?

የትም። አቤ ሐይቅ ደርሶ ያልቃል፣ ደለሉም መንገድ ላይና እዚያው ይቀራል።