በኤትሲ ለሚሸጥ የሐረር ስፌት ታክሱን ማን ያስገባል?

እህቴ፣ ጥያቄሽ እንዲህ ነው፦ አንቺ ሐረር ሆነሽ ስፌት ታሰባስቢያለሽ፣ እህትሽ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ተቀብላ በኤትሲ (የእጅ ሥራ በኢንተርኔት የሚሸጥበት መገበያያ) ትሸጣለች። አንዷ ገዢ ላይ ታክስ ተጨመረ፣ የኦሪገኗ ላይ ግን አልተጨመረም። እህትሽ «ይሄን ታክስ የምከፍለው እኔ ነኝ ወይ?» ብላ እንቅልፍ አጥታለች። አንቺ ደግሞ እዚህ ቫት ይመጣብኝ ይሆን ብለሽ ሰግተሻል።

እኔ ድሬ ነው ያለሁት፣ ሥራዬም የሂሳብ መዝገብ መያዝ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያው አሌክሳንድሪያ ሆና ስፌትና የቡና ዕቃ ትሸጣለች። ማታ ማታ መዝገቧን የምሠራላት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ እህትሽ ትተኛ። በኤትሲ በኩል የተሸጠውን ዕቃ የሽያጭ ታክስ ከገዢው የሚሰበስበውም ለስቴቱ የሚያስገባውም ኤትሲ ራሱ ነው። አማዞንና ኢቤይም እንደዚያው። አሠሪ ከደመወዝ ላይ ግብር ቆርጦ እንደሚያስገባው በይው፤ ብሩ በሠራተኛው እጅ አያልፍም። የትዕዛዙን ገጽ ስትከፍት ሙዳዩ 120 ዶላር፣ ታክስ 7.20 ይላል። ሰሜን ቨርጂኒያ ላይ 6 በመቶ ስለሆነ ነው። ያቺ 7.20 ለአንድ ቀን እንኳ የእህትሽ ገንዘብ አልነበረችም። ገቢ ብላ እንዳትመዘግባት፤ ከመዘገበቻት ትርፏ በሐሰት ያብጣል።

አንድ የምታናድድ ነገር አለች። ኤትሲ ለክፍያ ማስተናገጃ የሚቆርጠው 3 በመቶና 25 ሳንቲም የሚሰላው ታክሱን ጨምሮ ባለው ጠቅላላ ሂሳብ ላይ ነው። ስለዚህ በዚያች 7.20 ላይ ወደ 22 ሳንቲም ከሻጯ ኪስ ይወጣል። ትንሽ ናት፣ ግን ሂሳቡ አልገጥም ሲላት ሌባ እንዳትፈልግ ብዬ ነው።

የኦሪገኗ ገዢ ነገር ቀላል ነው። ታክሱ የሚወሰነው ዕቃው በሚደርስበት አድራሻ ነው። ኦሪገን የሽያጭ ታክስ የላትም። ሞንታና፣ ዴላዌርና ኒው ሃምፕሸርም የላቸውም። አላስካም በስቴት ደረጃ የላትም፣ አንዳንድ ከተሞቿ ግን ያስከፍላሉ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በፈረንጆቹ 1992 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስቴቱ ውስጥ ሱቅም መጋዘንም ሠራተኛም የሌለውን ሻጭ «ታክስ ሰብስብ» ብሎ ማስገደድ አይቻልም ብሎ ነበር። በጁን 2018 የሳውዝ ዳኮታ ስቴት ዌይፌር ከተባለ የኢንተርኔት ሻጭ ድርጅት ጋር በተሟገተችበት ጉዳይ ያንን 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ሻረው። የሳውዝ ዳኮታ ሕግ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ የሸጠ ወይም 200 ሽያጭ ያደረገ ይሰብስብ የሚል ነበር። ሌሎቹም ተከተሉ። ከዚያ ደግሞ እያንዳንዱን ትንሽ ሻጭ ከማሳደድ ገበያውን መያዝ ይሻላል አሉ። ቨርጂኒያ ከጁላይ 2019 ጀምሮ ኃላፊነቱን በመገበያያዎቹ ላይ ጣለች። የሽያጭ ታክስ ካላቸው ስቴቶች የመጨረሻዋ ሚዙሪ ናት፣ በጃንዋሪ 2023።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ሰው የሚጠመደው እዚህ ጋ ነው። ኤትሲ የሚያስገባው በኤትሲ ለተሸጠው ብቻ ነው። የአክስቴ ልጅ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። አንዲት ደንበኛ በኤትሲ ሁለት ሙዳይ ገዛች፣ ወደደቻቸው። ቀጥሎ «ለሠርግ ስድስት እፈልጋለሁ፣ በዜል (ከባንክ ባንክ ገንዘብ መላኪያ) ልላክልሽና የኤትሲ ኮሚሽን ይቅርልሽ» ብላ ጻፈችላት። አቦ፣ ማን እምቢ ይላል? ልጅቷም ተቀበለች። ገዢዋ የምትኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ዕቃው ያለው የሻጯ ቤት፣ ሻጯም እዚያው ነዋሪ ናት። ይህን ሽያጭ ያየ መገበያያ የለም፣ ስለዚህ ታክሱን ሰብስባ የምታስገባው እሷው ናት። 100,000 ዶላር የሚባለው ጣሪያ እዚህ አያድናትም። እሱ ከሌላ ስቴት ሆኖ ለሚሸጥ ነው። ዕቃው ቤትሽ ተቀምጦ ከሆነ ከመጀመሪያው ዶላር ጀምሮ ይመለከትሻል። ክፍያው ከመምጣቱ በፊት ደውላልኝ ስለነበር ቨርጂኒያ ታክስ ቢሮ ተመዘገበች፣ ደረሰኙ ላይ ታክሱን ለይታ ጻፈች፣ ገዢዋም ሳታጉረመርም ከፈለች። ምዝገባው በኢንተርኔት ነው፣ ከባድ ነገር የለውም።

ባዛር ደግሞ ሌላ ነው። የኛ ሰዎች ሲልቨር ስፕሪንግ ዝግጅት ሲኖር ጠረጴዛ ይዘው ይሸጣሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ናት እንጂ ቨርጂኒያ አይደለችም። ድልድዩን ስትሻገሪ ታክሱም ይቀየራል፤ እዚያ የሜሪላንድ 6 በመቶ ነው፣ ለእንዲህ ያለው ዝግጅትም ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጣሉ። እህትሽ ቅዳሜ ለመሸጥ ዓርብ ማታ አትጀምረው።

የራሷን ድረ ገጽ ከከፈተችም ያው ነው። ሶፍትዌሩ ታክሱን ያሰላላታል፣ የማስገባቱ ሥራ ግን የሷ ነው። ስለዚህ መዝገቧን ከአሁኑ ትለየው፦ የኤትሲው ለብቻ፣ በቀጥታ ቨርጂኒያ ውስጥ የሸጠችው ለብቻ፣ ሌላ ስቴት ሄዳ የሸጠችው ለብቻ። በኤትሲ ብቻ የሚሸጥ ሰው ይመዝገብ ወይስ አይመዝገብ የሚለው ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ የቨርጂኒያን ታክስ ቢሮ ገጽ ራሷ ታንብበው፤ በፌስቡክ ወሬ አትመራ። የኔንም ጨምሮ፣ ሃሃ።

ኤትሲ ላይ ዕቃ ለሽያጭ ስታወጣ ምድቡን በትክክል ትምረጥ። ኒው ጀርሲ ላይ ለምሳሌ ልብስ የሽያጭ ታክስ የለበትም። የሐበሻ ቀሚስ በቤት ማስጌጫ ምድብ ከገባ ገዢዋ ያለአግባብ ትከፍላለች። ኤትሲ ደግሞ የሚያሰላው ሻጯ በሰጠችው መረጃ ነው፣ ስህተቱ ከሷ ከመጣ ጣት የሚቀሰረው ወደ እሷ ነው።

የሽያጭ ታክስን ከጉምሩክ ቀረጥ ጋር አታደባልቁት። ድሮ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር፣ ያ ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ተነሥቷል። ፖስታ ቤት ወይም ኩሪየሩ የሚጠይቃት ገንዘብ እሱ ነው፤ ከኤትሲ ጋር አይገናኝም። የገቢ ግብሯም ሌላ ነው፣ ያንን ዓመቱ ካለቀ በኋላ ከትርፏ ታሳውቃለች።

ያንቺው ጉዳይ ደግሞ፦ አሜሪካ የሚሰበሰበው የሽያጭ ታክስ አንቺን አይመለከትም። እዚህ ቫቱ 15 በመቶ ቢሆንም ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ በዜሮ መጣኔ ነው የሚስተናገደው፣ ማለትም ቫቱ 0 በመቶ ነው። ለቫት የተመዘገብሽ ከሆነ ለግብዓት የከፈልሽው ቫት እንዲመለስልሽም መጠየቅ ትችያለሽ። ግን ዕቃው በእርግጥ ከአገር እንደወጣ በሰነድ ማሳየት አለብሽ፣ በሻንጣ ይዞ የሄደ ዘመድ ሰነድ አይሆንም። ጁገል ውስጥ ለቱሪስት የምትሸጪው ግን ኤክስፖርት አይደለም፣ ገዢው ፈረንጅ ስለሆነ ዜሮ አይሆንም።

አንድ ነገር አልጻፍሽም፦ የመላኪያው ሰነድ የወጣው በማን ስም ነው? በላኪ ድርጅቱ ስም ከሆነ ሰነዱ ላንቺ አይሠራልሽም። ለሚቀጥለው ጭነት ስምሽና ቲን ቁጥርሽ እንዲገባ ጠይቂ፣ ኮፒውንም ከደረሰኝሽ ጋር አስቀምጪ።