ልጁ ኮሌጅ ሲሄድ ከመኪና ኢንሹራንሳችን ይውጣ ወይ?

እህቴ፣ ልጅዎ በኦገስት ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ በዚያው ግዛት ወዳለችው ትንሽ የኮሌጅ ከተማ ብላክስበርግ ለትምህርት ስለሚሄድ፣ ወጪ ለመቀነስ ከቤተሰቡ የመኪና ኢንሹራንስ ላስወጣው ወይ ብለው ጠይቀዋል። ሁለት ልጆቻችንን ከዚሁ ከሰሜን ቨርጂኒያ ራቅ ወዳለ ኮሌጅ ልከን እንዳየነው፣ ባያስወጡት ይሻላል እላለሁ። ልጁ ዶርም ቢያድርም ቋሚ መኖሪያው የእርስዎ ቤት እስከሆነ ድረስ አብዛኞቹ ኩባንያዎች የቤተሰቡ አባል አድርገው ስለሚቆጥሩት፣ ለታንክስጊቪንግ መጥቶ መኪናዎን ሲነዳ ሽፋኑ አብሮት ይኖራል፤ ካስወጡት ግን በዚያች አጭር ዕረፍት አደጋ ቢደርስ ኩባንያው አልከፍልም ብሎ ሊከራከር ይችላል።

ያለ መኪና የሚሄድ ከሆነ ቅናሽ ይጠይቁ። ብዙ ኩባንያዎች ትምህርት ቤቱ ከቤት ከ100 ማይል በላይ ሲርቅ ክፍያውን ይቀንሳሉ፤ ብላክስበርግ ደግሞ ከዚያ እጥፍ በላይ ይርቃል። አማካይ ውጤቱ 3.0 እና ከዚያ በላይ ከሆነም ሌላ ቅናሽ አለ። ለእኛ ሁለቱም የተሰጡን ከጠየቅን በኋላ ነው፤ የውጤቱንም ማስረጃ በየጊዜው መላክ ነበረብን።

መኪናውን ይዞ የሚሄድ ከሆነ ዋናው ጉዳይ መኪናው የሚያድርበት አድራሻ ነው። «ዝም በሉ፣ ማን ያውቃል» የሚሉ ወዳጆች አይጠፉም፤ እባክዎ አይስሟቸው። አደጋ ሲደርስ ኩባንያው መኪናው የት እንደሚያድር ያጣራል፣ የግቢው የፓርኪንግ ፈቃድም ማስረጃ ሊሆን ይችላል፣ የተሳሳተ አድራሻ መስጠትም ክፍያ ሊያስከለክልና ፖሊሲውን (የኢንሹራንስ ውሉን) ሊያሰርዝ ይችላል። ደግሞም የትናንሽ ከተሞች ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ አካባቢ ስለሚያንስ፣ እውነቱን መናገር ክፍያውን ሊቀንስልዎ ይችላል። የመኪናው ባለቤትነት በልጁ ስም ብቻ ከሆነ ግን ብዙዎቹ የራሱን ፖሊሲ እንዲገዛ ይጠይቃሉ፤ ይህ በ18 ዓመቱ እጅግ ውድ ስለሆነ ስምዎ ከባለቤትነቱ ሰነድ እንዳይወጣ አደራ።

ሽፋኑንም በዝቅተኛው መጠን አይተዉት። በቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሌሎች ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሽፋን ለአንድ ሰው ጉዳት 50,000፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ ሁሉ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ነው፤ አንድ አዲስ ፒካፕ እንኳ ከመጨረሻው ቁጥር በላይ ያወጣል። ይህን አጥብቄ የምናገረው ዶርም ውስጥ መኪና ያለው ልጅ ቁልፉን እንዲያውስ ዘወትር ስለሚጠየቅ ነው፤ የእኛ ልጆች ደግሞ ጓደኛን እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል። ጓደኛው ቢያጋጭ በቅድሚያ የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ የእርስዎ ኢንሹራንስ ነው፤ በሚታደስበት ጊዜ የሚጨምረውም የእርስዎ ክፍያ ስለሆነ፣ ከመሄዱ በፊት ይህን ቁጭ ብለው ይንገሩት።

ከመኪናው ውስጥ ላፕቶፕ ቢሰረቅ የመኪናው ኢንሹራንስ እንደማይከፍል ይወቁ፤ እሱን የሚመለከተው የቤት ወይም የተከራይ ኢንሹራንስ ነው።