ጄሉ አልሟሟ አለኝ፦ ትስስሩ አልተቆረጠም ወይስ ተቆርጦም አልለቀቀም?

የአንዲት አንባቢ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ሁለት ተመሳሳይ የፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) ክንዶችን ጫፋቸው ላይ ባለው ሲስቲይን (ሰልፈር ያለው አሚኖ አሲድ) በዳይሰልፋይድ፣ ማለትም በሁለት ሰልፈሮች ትስስር፣ አገናኝታለች። እያንዳንዱ ክንድ ከሲስቲይኑ ሌላ 8 አሚኖ አሲድ አለው፦ ፌኒልአላኒን፣ ግሉታሜት፣ ፌኒልአላኒን፣ ላይሲን፣ እንደገና ከመጀመሪያው። በ1 በመቶ ጄል ሠራች፤ ብልቃጡ ቢገለበጥ ንቅንቅ አይልም። ቁመቱ 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ትስስሩን ቆርጦ ጄሉን እንዲያሟሟላት 10 ሚሊሞላር ግሉታታይዮን (ዳይሰልፋይድ የሚቆርጥ ትንሽ ሞለኪውል) በፎስፌት ሳላይን በፈር (አሲድነቱ እንዳይዋዥቅ የሚይዝ ጨዋማ ፈሳሽ) በጥብጣ፣ ከጄሉ እኩል መጠን አፈሰሰችበት። በነጋታው ላዩ ትንሽ ላላ እንጂ ጄሉ እንዳለ ነው። «ዲዛይኔ ነው የተበላሸው?» ትላለች።

እህቴ፣ ዲዛይኑ ላይ ቅሬታ አለኝ፤ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ፒኤችሽን (የአሲድነት ልኩን) ለኪ። የበፈሩን ሳይሆን፣ ግሉታታይዮኑ ከገባበት በኋላ ያለውን። ግሉታታይዮን አሲድ ነው። የተለመደው ሳላይን በፈር ደግሞ ያለው ፎስፌት በጠቅላላው 10 ሚሊሞላር ገደማ ነው። ያን ያህል ግሉታታይዮን ሲገባበት አይችለውም። 7.4 ነው ብለሽ ያፈሰስሽው ፈሳሽ 4 አካባቢ ወርዶ ሊሆን ይችላል።

ይህ ለምን ገደለሽ? ዳይሰልፋይዱን የሚቆርጠው ፕሮቶኑን የለቀቀው ሰልፈር ነው። 7.4 ላይ እንኳ በዚያ መልክ ያለው ከ100 ግሉታታይዮን 5 ቢሆን ነው። ፒኤች በ1 በወረደ ቁጥር ወደ አንድ አሥረኛ ይቀንሳል። 4 ላይ መሞከር በቢላዋ ጀርባ ገመድ እንደመቁረጥ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፔፕታይዱን ስራገም ከርሜ፣ ጥፋቱ ፒኤች አለመለካቴ ሆኖ አረፈው። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ጠብ እያደረግሽ ወደ 7.4 መልሺውና ያኔ ጨምሪ። በዕለቱ የተበጠበጠ ይሁን፤ ካደረ አየሩ ራሱ ያበላሸዋል።

ሁለተኛው ሒሳብ ነው። ሞለኪውልሽ ወደ 2,450 ዳልተን ይመዝናል። 1 በመቶ ማለት በሚሊሊትር 10 ሚሊግራም፣ ማለትም 4 ሚሊሞላር ነው። አንድ ዳይሰልፋይድ ለመቁረጥ ሁለት ግሉታታይዮን ይሄዳል። 8 ያስፈልግሻል፣ 10 ሰጠሽ። ለክቶ መስጠት ነው ይሄ። ምላሹ ደግሞ ወደኋላም ይመለሳል፣ ስለዚህ በደንብ ማትረፍረፍ አለብሽ፤ ቢያንስ አምስት እጥፍ።

ርቀቱም አለ። ትንሽ ሞለኪውል ውሃ ውስጥ 1 ሚሊ ሜትር ለመጓዝ 17 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። 1 ሴንቲ ሜትር ግን ወደ 28 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ጊዜው መቶ እጥፍ ነውና። አንድ ሌሊት መጠበቅሽ ራሱ አይበቃም ነበር። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ጄል ሞክሪው። ጎን ለጎን ግሉታታይዮን የሌለው በፈር ብቻ የፈሰሰበት ብልቃጥ ይኑርሽ፤ አንዳንዱ ጄል እኮ ውሃ ጠጥቶ ብቻም ይፈርሳል።

ይህን ሁሉ አስተካክለሽም ጄሉ ካልሄደ፣ ከላላው ቦታ ትንሽ ቆንጥረሽ ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ ጨምሪበት። አሲዱ ልውውጡን እዚያው ያቆመዋል። ከዚያ ዲኤምኤስኦ በተባለው አሟሚ አሟሙተሽ ማስ ስፔክትሮሜትር (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ላይ እዪው። 2,450ው ብቻ ከታየሽ ትስስሩ አልተነካም። 1,225 አካባቢ፣ ማለትም የአንድ ክንድ ክብደት፣ ከመጣ ተቆርጧል። ከ1,225 በ305 የሚበልጥ ነገር ካለ ደግሞ ግሉታታይዮኑ ክንዱ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ነሽ ማለት ነው።

የእኔ ፍርሃት 1,225ውን አይተሽም ጄሉ ቆሞ እንዳታገኚው ነው። ቅሬታዬ ይኸው። ውሃ የሚጠላውና የሚወደው በተራ የሚሰለፉበት እንዲህ ያለ ባለ 8 ፔፕታይድ ለብቻውም ቤታ ሺት (ጎን ለጎን የተደረደሩ ሰንሰለቶች ንጣፍ) ሠርቶ ጄል ይሆናል። ስለዚህ አንድን ጄል የሚሠራ ነገር ቆርጠሽ ሁለት ጄል የሚሠሩ ነገሮች አተረፍሽ። ትስስሩን መቁረጥ ቀላሉ ነው፤ ዋናው ጥያቄ ከተቆረጠ በኋላ የሚተርፈው ቁራጭ ውሃ ውስጥ ብቻውን መኖር ይችላል ወይ ነው።

እኔ ብሆን ክንዱን አሳጥረዋለሁ። ባለ 4 ክንድ ብቻውን ፋይበር (ጄሉን የሚያቆመውን ቀጭን ክር) ለመሥራት በጣም ይቸገራል፤ ሲገናኝ ግን ጓደኛው ይደግፈዋል። ጄል ለመሆን ካንገራገረ ወደ 5 ወይም 6 ከፍ አድርጊው። ሌላው መንገድ በየክንዱ አንዱን ግሉታሜት በላይሲን መተካት ነው። ክንዶቹ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይበዛባቸውና ከተለያዩ በኋላ ይገፋፋሉ። ግሉታታይዮን 7.4 ላይ ኔጌቲቭ ስለሆነ ወደ ፋይበሩም ይሳባል። ሕዋስ ልታሳድጊበት ከሆነ ግን ላይሲን አታብዢ፤ ፖዘቲቭ የበዛበት ፔፕታይድ የሕዋስ ሽፋን ይጎዳል።

አዲስ ፔፕታይድ ከማዘዝሽ በፊት ግን ባለሽ ይህን ሞክሪ። ጄል ከመሥራትሽ በፊት ፔፕታይዱን ቲሲኢፒ በተባለው ዳይሰልፋይድ ቆራጭ ሙሉ በሙሉ ቁረጪው። እሱም አሲድ ነውና ፒኤቹን አስተካክዪ። መቆረጡን በማስ አረጋግጪና በዚያው በ1 በመቶ እንደወትሮው ጄል ለመሥራት ሞክሪ። ብልቃጡን ስትገለብጪው ከፈሰሰ፣ ችግርሽ ፒኤች፣ መጠንና ጊዜ ብቻ ነበር። ካልፈሰሰ፣ ግሉታታይዮን በባልዲ ብታፈሽበትም ያ ጄል አይሟሟልሽም።