አዲስ ጄራኒየም አገኘሁ ለምትሉ ልጆች

ሰሞኑን አንድ የእርሻ ተማሪ መጣና "ጋሼ፣ ከዘር ያበቀልኩት ጄራኒየም ማንም ቤት አይቼው የማላውቀው ቀለም አወጣ። ጎንደሬንሲስ ብዬ ልሰይመው?" አለኝ። አይሆንም አልኩት። ከ1959 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰው መርጦ ላራባው ዝርያ አዲስ የላቲን ስም መስጠት አይፈቀድም። በአማርኛ ሰይመው፣ ላቲኑን ተወው። ልጁ ትንሽ ቅር አለው። እኔ ግን እሱ ከሄደ በኋላ ሌላ ጄራኒየም ትዝ ብሎኝ እንቅልፍ አጣሁ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ችግኝ ጣቢያ እሠራ ነበር። እዚያ አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም፣ ተክል ግን ያነባሉ። ጎንደርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጄራኒየም የሌለበት በረንዳ ማግኘት ይከብዳል። በዘይት ቆርቆሮ፣ በቲማቲም ጣሳ፣ አፉ በተሰበረ ጀበና ሳይቀር ይተከላል። የዘር አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው፣ የእኛ ደጋ ግን ተስማምቶታል። ችግሩ ሰዉ ሁሉ ከጎረቤት ቅርንጫፍ እየቆረጠ ስለሚተክል ሰፈሩ በሙሉ ያው ቀይና ያው ሮዝ መሆኑ ነው። ከቅርንጫፍ የመጣ እናቱን ይመስላል። አዲስ ነገር የሚገኘው በአብዛኛው ከዘር ነው። ይህን ሽማግሌው ማንም ሳይነግራቸው ያውቁ ነበር።

የአበባዋን ጠባይ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ጄራኒየም ቀድማ ወንድ፣ ቆይታ ሴት ናት። ስትፈነዳ ብናኟ ወዲያው ይወጣል፣ የሴቴው ክፍል ግን ገና ዝግ ነው። ከቀናት በኋላ መሃል ላይ ያለችው ቀጭን ዘንግ ጫፏ አምስት ቦታ ይከፈልና ወደ ውጭ ይጠቀለላል። ብናኝ የምትቀበለው ያኔ ነው። ሽማግሌው ገና ሳትፈነዳ ወንዴዎቹን በወረንጦ ይለቅማሉ፤ አምስቱ ሲከፈቱ ከሌላ አበባ ያመጡትን ብናኝ በክብሪት እንጨት ጫፍ ይቀቧትና ምልክት ክር ያስሩባታል። ከያዘላት መሃሏ እንደ ወፍ መንቁር ይረዝማል። ሲደርቅ ይሰነጠቅና ቢበዛ አምስት ዘር፣ ፀጉራም ጭራው ተጠማዞ፣ ይንጠለጠላል። ያን ቀን ካልደረሳችሁ ነፋስ ይቀድማችኋል።

ከቀይና ከነጭ ካገኟቸው ችግኞች አብዛኞቹ ተራ ሆኑ። አንዷ ግን ሌላ ነበረች። የላይኞቹ ሁለት የአበባ ቅጠሎቿ ብርቱካንማ ቀይ፣ የታችኞቹ ሦስቱ ደብዘዝ ብለው ጠርዛቸው ነጭ። አረንጓዴ ቅጠሏ ላይ ያለው ክብ ጥላ ደግሞ ወደ ጥቁር ያደላል። እኔ በማግስቱ ስም ላወጣላት ነበር። "ቆይ ልጄ፣ ልጇንም የልጅ ልጇንም እንይ" አሉኝ። ከቅርንጫፏ ተከልን፣ ከዚያኛው ቅርንጫፍ እንደገና ተከልን። አልተለወጠችም። በሙያው ቋንቋ ጽናት የሚሉት ይኸው ነው። ልዩነት (ከታወቁት መለየቷ) እና ወጥነት (ተክሎቿ ሁሉ መመሳሰላቸው) ከሚሉት ጋር ተደምሮ አንድ ተክል ዝርያ ነው የሚባለው በእነዚህ ነው።

መግለጫ መጻፉ የኔ ድርሻ ሆነ። አንድ የውጭ አገር መምህር የእንግሊዞቹን የአትክልተኞች ማኅበር፣ የሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲን የቀለም ካርድ አውሶን ነበር። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ቁጥር አለው፤ ካርዱን ከአበባው ጎን ይዞ ማመሳከር ነው። ደጅ ወጥቼ ፀሐይ ላይ ላነብ ስል ሽማግሌው እጄን ያዙኝ። "ፀሐይ ታታልልሃለች፣ ወደ ጥላ ና" አሉ። በኋላ የካርዱን መመሪያ ሳገኝ እሱም እንደሳቸው ነው የሚለው፤ የቀን ብርሃን ይሁን፣ ቀጥታ ፀሐይ ግን አይንካው። የቅጠሉን ስፋት፣ የአበባውን ዘንግ ርዝመት፣ በአንድ ዘንግ ስንት አበባ እንዳለ ለካን፣ ቆጠርን። የምትመስላትን የታወቀች ጄራኒየም በዚያው አፈርና በዚያው ጣሳ ከጎኗ አስቀምጠን ሁለቱን አወዳደርን። የአበባ ዘንጓ ከዚያችኛዋ በጣም እንደሚያጥር ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። በየቀኑ እያየናት አላየነውም ነበር። "ታምራለች" የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ አልገባም።

ወረቀቱን ይዤ፣ ዝርያዋን ላስመዘግብ፣ የሚመለከተው ነው ወደተባለ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። "አበባ አይበላም፣ ጤፍ ካላችሁ አምጡ" ብለው ሸኙኝ። እውነቱን ለመናገር ሕጉም አልነበረም፤ የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ ቁጥር 481 የወጣው በ1998 ነው። ሽማግሌው ግን ቆረጡ። እውቅና እስክታገኝ አንዲት ቅርንጫፍ ከግቢ አትወጣም። ጎረቤት ለመነ፣ እናቴ ሳትቀር ለመነች። እኔም ከሳቸው ጋር ነበርኩ።

ከዚያ ክረምት ገባ። መጀመሪያ አንዱ ቅጠል ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ በሚሄድ ቁራጭ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ ግንዱ ጠቆረ። ባክቴሪያ ነው፣ መድኃኒት የለውም። በዝናብ ፍንጣሪና በመቁረጫ ቢላ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። እኛ ደግሞ የታመመውን እየቆረጥን በዚያው ቢላ ጤነኛውን እናጸዳ ነበር። ሁሉም አንድ ቦታ ስለነበሩ ሁሉም ሄዱ። ያንኑ ቀይና ያንኑ ነጭ እንደገና አዳቀልን፤ እሷ አልመጣችም። ወላጆቹ ራሳቸው ቅይጥ ስለሆኑ እያንዳንዱ ዘር የየራሱን ያወጣል። ሽማግሌውም ሳይደግማቸው አረፉ። መግለጫው አሁንም እጄ ላይ አለ። ሲበዛ ጥሩ መግለጫ ነው።

ስለ ውሃና ስለ ፍግ አልነግራችሁም፣ እሱን እናቶቻችሁ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። የዘንድሮ ልጆች ግን አንድ ነገር ታናድዱኛላችሁ፤ አበባው ሁለተኛ ሳያብብ ቲክቶክ ላይ ነው። የስልክ ካሜራ ደግሞ ቀይ አይችልም፣ ያጋንነዋል። ፎቶ አንሡ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጡ፣ ቀለሙን ግን በዓይናችሁና በካርድ ጻፉ።

መግለጫው ሳያልቅ ለማንም አትስጡ እላለሁ። ቀድሞ ገበያ የወጣ ዝርያ አዲስነቱን ሊያጣ ይችላልና። ግን ደግሞ አክስታችሁ ቤት አንድ፣ ጓደኛችሁ ቤት አንድ ጣሳ አስቀምጡ። እርስ በርሱ ይጋጫል አትበሉኝ፤ ለመጠበቅ መስጠትና መሸጥ ለየቅል ናቸው። ቢላችሁንም ከተክል ወደ ተክል ስትሄዱ በአልኮል ጥረጉ።

ለዚያ ተማሪ ሳልነግረው የቀረ አንድ ነገር አለ። በአገራችን ደጋ ድንጋያማ ቦታ ላይ ነጭ አበባ ያለው የዱር ፔላርጎኒየም ይበቅላል (የቤቱ ጄራኒየም የሳይንስ ስሙ ፔላርጎኒየም ነው)፤ ሙልቲብራክቴያቱም ይሉታል። በዕፅዋት ምደባ ከቤቱ ጄራኒየም ወላጆች ጋር የአንድ ክፍል ዘመድ ነው። ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ነቅላችሁ እንዳታመጡ፣ ፈቃድ ጠይቁ። ከቤቱ ጋር አዳቅላችሁ ችግኙ ነጭ ሆኖ ከበቀለና ከሞተ አትደንግጡ፤ በእነዚህ ተክሎች የተለመደ ነው። እናት የነበረውን አባት አድርጋችሁ ገልብጡና ሞክሩት።