የባሕር ዳርቻን የሚያስተዳድረው የትኛው እርከን ነው?

ጥያቄ፦ የባሕር ዳርቻን የማስተዳደር ሥልጣን በአንዳንድ አገሮች ለማዘጋጃ ቤት፣ በሌሎች ለክፍለ ሀገር ወይም ለማዕከላዊ መንግሥት ተሰጥቶ አነባለሁ። ይህ የአሠራር ምቾት ብቻ ነው ወይስ ፖለቲካ አለበት? ትክክለኛው እርከንስ የትኛው ነው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ፖለቲካ አለበት። ጉዳዩ በየትኛው እርከን እንደሚታይ የወሰነ ወገን፣ ስብሰባው ላይ ማን እንደሚቀመጥና የማን ጉዳት እንደሚቆጠር አብሮ ወስኗልና።

ለዚህ ከኢንዶኔዥያ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ሕግ እስከ 12 የባሕር ማይል ያለውን ውሃ ለክፍለ ሀገሮች ሰጥቶ፣ ከዚያ ውስጥ ለዳርቻው የሚቀርበውን አንድ ሦስተኛ ለወረዳዎች አደረገው። የ2014ቱ ሕግ ደግሞ የወረዳዎቹን ድርሻ አንሥቶ ለክፍለ ሀገሮች አጠቃለለው። ባሕሩ ያው ባሕር ነው፤ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ግን ከዓሣ አጥማጁ መንደር ራቀ። ፊሊፒንስ በ1991 የአካባቢ አስተዳደር ሕጓ እስከ 15 ኪሎ ሜትር ያለውን ውሃ ለማዘጋጃ ቤቶች ስትሰጥ የሄደችው በተቃራኒው መንገድ ነበር።

ታዲያ ሥልጣን ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይሻላል ማለት ነው? እኔ እንዲህ ለማለት አልደፍርም፤ ምክንያቱም አሸዋና ደለል የአስተዳደር ወሰን አያውቁም። አንድ ከተማ ዳርቻውን ከመሸርሸር ለማዳን ወደ ባሕሩ የሚዘልቅ ግንብ ሲሠራ፣ በማዕበል እየተገፋ ይጓዝ የነበረው አሸዋ እዚያው ይታገድና የጎረቤቱ ዳርቻ ይሸረሸራል። በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ግድብም የዓባይን ደለል ከባሕሩ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ስላስቀረው፣ በወንዙ አፍ በራሺድ አካባቢ ያለው ዳርቻ መሸርሸሩ በርትቷል። እንዲህ ያለውን ችግር የዳርቻው ማዘጋጃ ቤት ብቻውን ሊፈታው አይችልም።

ወደ ላይ ስንወጣ ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመናል። የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አገሮች እስከ 200 የባሕር ማይል ባለው ውሃ ውስጥ በሚገኘው ሀብት ላይ መብት እንዲኖራቸው ፈቅዷል። ይህ በዓለም አቀፍ መድረክ ለባለ ዳርቻ አገሮች ትልቅ ድል ቢሆንም፣ መብቱ የተሰጠው ለመንግሥት ነው፤ መንግሥትም ለውጭ መርከቦች ፈቃድ ሲሸጥ የጀልባ አጥማጁን የማማከሩ ነገር በአገሩ ሕግ የሚወሰን ነው።

ስለዚህ «ትክክለኛው እርከን» የሚለው አነጋገር ራሱ ብዙም አያሳምነኝም። ሥልጣን ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ተዛወረ ሲባል፣ በጀቱና የጥበቃ ጀልባው አብረው መዛወራቸውን፣ በውሳኔውም የሚጎዳው ሰው አቤቱታ የሚያቀርብበት ቢሮ የት እንደሚገኝ ቢያጣሩ ይሻላል።