ጥያቄና መልስ፦ ድርጅቶች ስለ እኛ የያዙትን መረጃ እንዴት እንጠይቅ?

መላኩ (መላሽ)፦ ስለ ግል መረጃ ሕግ፣ ስለ አፕ ፈቃድና ድርጅቶችን በሕግ ስለ መጠየቅ ጥያቄ ያላችሁ አቅርቡ። አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ፦ አካውንታችሁን ከማጥፋታችሁ በፊት ማስረጃ ያዙ። አንቀጽ ስጠቅስ ጂዲፒአርን፣ ከግንቦት 2018 ጀምሮ የሚሠራበትን የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ማለቴ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትዕግሥት፦ ጋሽ መላኩ፣ «መረጃዎን ያውርዱ» የሚለውን ነክቼ ፋይሉ ደርሶኛል። ድርጅቱ ስለ እኔ የያዘው በሙሉ ይኸው ነው ማለት ነው?

መላኩ፦ አይደለም። እዚያ ፋይል ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው አንቺው የሰጠሻቸው ነው፤ ፎቶ፣ መልእክት፣ ስልክ ቁጥር። ስለ ዕድሜሽና ስለ ገቢሽ የገመቱት፣ ከሌላ ቦታ የገዙት፣ ለሌላ ያስተላለፉት ብዙ ጊዜ አይገባበትም። አንቀጽ 15 ግን ይህን ሁሉ የመጠየቅ መብት ይሰጥሻል።

በግላዊነት መመሪያቸው ውስጥ የመረጃ ጥበቃ ኃላፊው አድራሻ ይኖራል። ስትጽፊ በተመዘገብሽበት ኢሜይል ይሁን፤ በሌላ ከጻፍሽ «ማንነትዎን ማረጋገጥ አልቻልንም» እያሉ ሳምንታት ይፈጁብሻል። «ያላችሁን ሁሉ ላኩልኝ» አትበይ፤ ያንኑ ፋይል መልሰው ይሰጡሻል። ይልቅ ለያይተሽ ጠይቂ፦ የመረጃው ቅጂ፣ ከየት እንዳገኙት፣ ለማን እንደሰጡት፣ እስከ መቼ እንደሚያቆዩት፣ በማሽን ብቻ የተወሰነ ውሳኔ ካለም በምን መንገድ እንደተወሰነ።

«ለማን ሰጣችሁት?» ሲባሉ «ለንግድ አጋሮቻችን» ብለው ማለፍ ይወዳሉ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን በጥር 2023 በኦስትሪያ ፖስታ ጉዳይ ተቀባዮቹን ለይተው መናገር እንዳለባቸው ወስኗል። የሚቀርላቸው ተቀባዮቹን መለየት ካልተቻለ ወይም ጥያቄው ከመጠን ያለፈ መሆኑን ካስረዱ ብቻ ነው። ውሳኔውን በደብዳቤሽ ጥቀሺ።

የመልሱ ጊዜ አንድ ወር ነው። ጉዳዩ ውስብስብ ከሆነ ሁለት ወር መጨመር ይችላሉ፤ መዘግየታቸውን ግን ያው የመጀመሪያው ወር ሳያልቅ ከነምክንያቱ ሊነግሩሽ ይገባል። ክፍያ የለውም። መታወቂያ ከጠየቁሽ ለማረጋገጫ የማያስፈልገውን ሸፍነሽ፣ ለምን እንደላክሽው በቅጂው ላይ ጽፈሽ ላኪ። ወሩ ካለፈ የላክሽበትን ቀን የሚያሳየውን ኢሜይል አያይዘሽ የመረጃ ጥበቃ ሕጉን ለሚያስከብረው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቤት በይ። አካውንቱን እስከዚያ ድረስ አትንኪው።

ዮናስ፦ ስልኬ ይሰልለኛል?

መላኩ፦ የትኛው አፕ? የትኛው ፈቃድ? በዚህ መልኩ ከተጠየቀ መልስ የለኝም።

ሩት፦ የሎኬሽን መረጃ ስም ካልተያያዘበት ጉዳት የለውም የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

መላኩ፦ በጭራሽ! እዚህ ላይ ልዘርዝር፤ ብዙ ሰው የሚታለለው በዚሁ ነው። በ2013 የታተመ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የሞባይል መረጃ ያለ ስም መርምሮ ነበር። አንድ ሰው በየትኛው ሰዓት አካባቢ የት እንደነበር የሚያሳዩ አራት ነጥቦች ብቻ ሲገኙ ከመቶው 95ቱን ከሌላው ሁሉ ለይቶ ማውጣት ተችሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ስልኩ የሚያድርበትና የሚውልበት ቦታ አንድ ላይ ሲታዩ የብዙ ሰው አይሆኑም። ስሙን ከሌላ ዝርዝር ማግኘት ከዚያ በኋላ ቀላል ነው። በጥር 2018 ደግሞ ስትራቫ የተባለው የስፖርት አፕ የማንም ስም የሌለበት የእንቅስቃሴ ካርታው የጦር ሰፈሮችን ቅርጽ አጋልጦ ተገኘ።

ስለዚህ አንድሮይድ ላይ ከሆንሽ በቅንብሮች ውስጥ የማስታወቂያ ክፍሉን ፈልገሽ የማስታወቂያ መለያውን አጥፊ። መረጃ ሻጮች በተለያዩ አፖች የሠራሽውን የሚያገናኙት በአብዛኛው በዚህ ቁጥር ነው። አይፎን ከሆነ አፖች እንዲከታተሉሽ የመጠየቅ ፈቃዱን በአጠቃላይ ዝጊ። በሁለቱም ላይ የሎኬሽን ፈቃድ «ሲጠቀሙበት ብቻ» ይሁን፤ የአየር ጠባይ ለሚያሳይ አፕ «ትክክለኛ ቦታ» የሚለውንም አጥፊ፣ የአካባቢው ግምት ይበቃዋል። አንድ ስሕተት ይደጋገማል፦ ፈቃዱን መዝጋት የወደፊቱን እንጂ የተሰበሰበውን አይነካም። ለተሰበሰበው ደብዳቤ ነው የሚያስፈልገው።

ሄኖክ፦ ደብዳቤ ምን ይፈይዳል? ቢቀጡም ከትርፋቸው አንጻር ኢምንት ነው።

ሰናይት፦ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በግንቦት 2023 በአየርላንድ ተቆጣጣሪ የተጣለበት 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ኢምንት ነው እንዴ? መረጃ ወደ አሜሪካ ማስተላለፉን እንዲያቆምም ታዝዞ ነበር።

ሄኖክ፦ የማቆሚያው ጊዜ ሳይደርስ በሐምሌ አዲስ የአሜሪካና የአውሮፓ ስምምነት ጸደቀና ማስተላለፉ ቀጠለ። የቱ ላይ ነው ተጠያቂነቱ?

ሰናይት፦ ያለ ቅጣቱ ያ ስምምነት ይፈጥን ነበር ወይ?

ሄኖክ፦ ድርድሩ እኮ ከቅጣቱ በፊት የተጀመረ ነው።

መላኩ፦ ወደ ርእሱ ተመለሱ። የቅጣቱ ጣሪያ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓመታዊ ዓለም አቀፍ ሽያጭ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው። እኔ ግን ከገንዘቡ በላይ ለትእዛዙ ነው ዋጋ የምሰጠው። ኤቨርአልበም የተባለው የፎቶ ድርጅት አካውንታቸውን የዘጉ ሰዎችን ፎቶ ይዞ በመቆየቱና የሰውን ፊት በሚለይ ቴክኖሎጂ አጠቃቀሙ ተከስሶ፣ በ2021 ከአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በደረሰበት ስምምነት በተጠቃሚዎች ፎቶ ያሠለጠናቸውን ሞዴሎች፣ ማለትም ከፎቶዎቹ የተማሩትን የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ጭምር እንዲያጠፋ ተገድዷል። ገንዘብ ከትርፍ ይከፈላል፤ ሞዴሉ ሲጠፋ ግን ከጥፋቱ ያተረፉት ራሱ ከእጃቸው ይወጣል።

ዮናስ፦ እሺ፣ የባትሪ መብራት አፕ ነው፤ ኮንታክትና ሎኬሽን ፍቀድ ይለኛል።

መላኩ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ሁለቱንም ከልክል። መብራት ለማብራት አያስፈልጉትም። ካልተፈቀደለት አልሠራም ካለህ አውጣው፤ ስልክህ የራሱ መብራት አለው።

ወ/ሮ አልማዝ፦ አቶ መላኩ፣ የአንድ ድርጅት ቻትቦት፣ ያ በጽሑፍ በራሱ የሚመልሰው ፕሮግራም፣ የተሳሳተ መረጃ ቢሰጠኝና ገንዘብ ብከስር ተጠያቂው ማነው?

መላኩ፦ ድርጅቱ ነው፣ እመቤቴ። የካናዳው አየር መንገድ ኤር ካናዳ ቻትቦቱ ደንበኛ አሳስቶ ሲከሰስ፣ ቻትቦቱን ለራሱ ቃል ኃላፊነት እንዳለው የተለየ አካል አድርጎ ሊከራከር ሞክሮ ነበር። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፍትሐ ብሔር ውሳኔ ሰጪ ጉባኤ በየካቲት 2024 ክርክሩን ውድቅ አድርጎ ለደንበኛው ካሳ እንዲከፍል ወስኗል። በሌላ አገር ያሉ ዳኞች በዚህ ውሳኔ አይገደዱም፤ ነገሩ ግን አሳማኝ ነው። ቻቱን ቀንና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገው በስክሪንሾት ያስቀምጡ፤ መስኮቱ ከተዘጋ ላያገኙት ይችላሉ።

ቢኒ፦ ዋትስአፕ የተመሰጠረ ስለሆነ ምንም አያሰጋም አይደል?

መላኩ፦ የተመሰጠረው ይዘቱ ነው። ከማን ጋር፣ መቼ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደተገናኘህ የሚያሳየው መረጃ ሌላ ነው። ባክአፑንም፣ ማለትም የመልእክቶችህን መጠባበቂያ ቅጂ፣ ለብቻው ማመስጠር አለብህ፤ የይለፍ ቃሉ ወይም ባለ 64 አኃዝ ቁልፉ ከጠፋህ ግን ማንም አይመልስልህም።

ሳሚ፦ አካውንቴን ትናንት አጠፋሁት። አሁን መረጃዬን መጠየቅ እችላለሁ?

መላኩ፦ ከላይ አልተነበበም ማለት ነው። መጠየቅ ትችላለህ፣ በያዙት ላይ ያለህ መብት አካውንቱን በመዝጋት አይቀርም። ግን አሁን ማንነትህን ማስረዳት ይከብድሃል። የምዝገባውን ኢሜይልና የክፍያ ደረሰኝ ካለህ አያይዝ።

ሩት፦ የመጨረሻ ልጠይቅ፦ መረጃችን ተሰርቆ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ይነግሩናል?

መላኩ፦ 72 ሰዓቱ ለተቆጣጣሪው ነው፤ የሚቆጠረውም ድርጅቱ ስርቆቱን ካወቀበት ጊዜ ነው። ለአንቺ የሚነግሩሽ ጉዳቱ ከባድ ሊሆን ይችላል ተብሎ ሲገመት ነው፤ ያኔም «ሳይዘገዩ» ይላል እንጂ ሰዓት አልተቆረጠም፣ አንቀጽ 34 ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ ሲደርስሽ ምን ዓይነት መረጃ እንደወጣ ጠይቂ። የይለፍ ቃል ከሆነ ያንኑ የተጠቀምሽበትን ቦታ ሁሉ ቀይሪ፤ ስልክ ቁጥር ከሆነ የማረጋገጫ ኮድሽን ከኤስኤምኤስ ወደ ኮድ አመንጪ አፕ አዛውሪ፣ ቁጥርሽን በሌላ ሲም የሚያስወጣ ሌባ ኮዱንም ይወስዳልና። በኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ሊንክ አትንኪ፤ አድራሻውን ራስሽ ጽፈሽ ግቢ።